የግማሽ ቀን ጉብኝት ለሁለት ሰው

ረሻድ እባላለሁ። ወሬ እወዳለሁ፤ አልዋሽም። ዱባይ ሳለሁ እንጀራዬን የበላሁት በምላሴ ነው፤ ቱሪስት በቫን ጭኜ ከተማዋን ግማሽ ቀን አስጎበኝ ነበር። አሁን ዴንቨር ኤርፖርት የሠራተኞች ሻትል ባስ እነዳለሁ። ከፓርኪንግ ወደ ተርሚናል፣ ከተርሚናል ወደ ፓርኪንግ። ምኑ ይጎበኛል? ምንም! ግን ባሱ ማይክ አለው። ማይክ ካየሁ ደግሞ አፌ አያርፍም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባሱ በሐበሻ ሞላ። ሁሉም ሺፍት ጨርሰው የደከማቸው ናቸው። ማይኩን አነሳሁና በአማርኛ ጀመርኩ።

«ክቡራትና ክቡራን፣ እንኳን ወደ ዱባይ በሰላም መጣችሁ! በቀኛችሁ የምታዩት ሰማያዊ ውሃ ጁሜራ ይባላል። ጫማችሁን አውልቁና እግራችሁን ንከሩ!»

በቀኛችን ያለው በረዶ የተከመረበት ሜዳ ነው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከኋላ አንዱ «ኧረ ወንድሜ፣ ውሃው ቀዘቀዘኝ!» አለ። ይሄኔ እኔም ባሰብኝ። የወርቅ ገበያውን፣ ረጅሙን ፎቅ፣ ውሃ የምታሻግረዋን የእንጨት ጀልባ፣ ሁሉንም አዞርኳቸው።

አንዲት ልጅ ብቻ አልሳቀችም። ስትወርድ በሩ ላይ ቆም አለች።

«ውሸታም!»

«ምን አጠፋሁ እህቴ?»

«እዚያ ከተማ አራት ዓመት ኖሬያለሁ። ባህር የሚባል ነገር የለም!»

ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ባጇ ላይ «ሀይፋ» ይላል።

በማግስቱ ጠብቄ ይቅርታ ጠየቅኳት።

«ባህሩ ግን አለ እኮ» አልኳት፤ ምላሴ መቼ ያርፋል።

«ለእናንተ አለ። እኔ የማውቀው የማዳምን አጥርና የኩሽናውን መስኮት ነው። ልብስ ላሰጣ ጣሪያ ላይ ስወጣ የአንድ ፎቅ ጫፍ ትታየኛለች። የእኔ ዱባይ ያቺ ናት።»

ከጥቂት ዓመታት በፊት ማዳሟ ለሕክምና ስትመጣ ዴንቨር ይዛት መጥታ፣ እሷም ከሆቴሉ ወጥታ በዚያው እንደቀረች ነገረችኝ። አንጀቴን በላችው። እኔ በየቀኑ «እዩልኝ፣ እዩልኝ» እያልኩ ስዞር፣ እሷ አጥር ውስጥ ነበረች ማለት ነው።

«በቃ፣ እኔ አሳይሻለሁ» አልኳት።

«ምኑን?»

«ዱባይን ነዋ!»

ከዚያ በኋላ የፊተኛው ወንበር የእሷ ሆነ። ቆይቶ ደግሞ ሺፍት ስንጨርስ በራሴ መኪና ኦሮራ፣ ቻምበርስ ሮድ፣ አፓርትመንቷ ድረስ አደርሳት ጀመር። መንገዱን ሙሉ አስጎበኛታለሁ።

«ይሄ ምንድን ነው?» ትለኛለች፣ ጎማ መጠገኛውን እያሳየችኝ።

«የሼኹ ቤተ መንግሥት። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው።»

«ግመሎቹስ?»

«ሺፍት ላይ ናቸው።»

እንዴት እንደምትስቅ! አፏን በእጇ ትሸፍናለች። አራት ዓመት ድምፅ እንዳይሰማ የሳቀች ልጅ ናት። አንድ ቀን እጇን ከአፏ ላይ አወረድኩት። እሷም እጄን አልለቀቀችም። በቃ፣ ያን ቀን ተያዝኩ።

ምሳ የምንበላው የሀላል ቤት ነው። እኔ ጥብስ፣ እሷ ፉል። እኔ ቅቅል፣ እሷ ሽሮ።

«አንቺ ልጅ፣ ዶሮ እንኳ አትነኪም?»

«እንዲህ ይሻለኛል» ትላለች ፈገግ ብላ።

ሥጋ አትወድም አልኩና ተውኩት። መስጊድ ገብቼ ስሰግድ በሩ ላይ ቁጭ ብላ ጫማዬን ትጠብቅልኛለች። ለምን አብረሽኝ አትሰግጂም ብዬ አልጨቀጨቅኳትም። ሁሉም በጊዜው ይመጣል አልኩ። ሰው ሲወድ ደግሞ ማየት የሚፈልገውን ብቻ ነው የሚያየው።

«እውነተኛውን ዱባይ መቼ ነው የምታሳየኝ?» አለችኝ አንድ ቀን።

«ስንጋባ! የጫጉላችን ጊዜ!»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አፍራ ነው ብዬ ደስ አለኝ። አብዱራህማን የሚባል የድሮ ባልደረባዬ እስካሁን እዚያ ያስጎበኛል። እዚያው እየሰማችኝ ደወልኩለት። «የግማሽ ቀን ጉብኝት፣ ለሁለት ሰው። የመስኮት ወንበር ያዝልኝ። ቀኑን እነግርሃለሁ» አልኩት።

ከዚያ እናቴ ጋ ወሰድኳት።

እናቴ ሰውዳ እዚሁ ዴንቨር፣ ሞንትቤሎ ነው የምትኖረው። እሑድ ምሳ ጠራቻት። የበግ ጥብሱ፣ ዶሮው፣ ምኑ ቅጡ! እናቴ ገና ሳንቀመጥ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ አነሳች።

«በሞቴ! እንቢ እንዳትይኝ!»

ሀይፋ አፏን አልከፈተችም።

«ይቅርታ እማማ... አልችልም።»

«እማ፣ ሥጋ አትወድም አላልኩሽም?» ብዬ ዘው አልኩ።

እናቴ አላየችኝም። ልጅቷን ብቻ ነው የምታየው። ጉርሻውን ቀስ ብላ ሳህኑ ላይ መለሰችው።

«ልጄ፣ እናትሽ ያወጡልሽ ስም ማነው?»

«ዘርፈሽዋል።»

እናቴ ተነሳች። ከቁም ሳጥን ውስጥ ካርቶኑ ያልተከፈተ መጥበሻ አወጣች።

«አይዞሽ ዘርፌ። ይሄ ምንም አልነካውም። እንቁላል ልጥበስልሽ፤ ጾም አይደለም አይደል ዛሬ?»

«አይደለም እማማ» አለችና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እኔ ዓመት ሙሉ ያላየሁትን እናቴ በአንድ ጉርሻ አየችው።

ቻምበርስ ሮድ ስንደርስ ፓርክ አደረግኩ። ንዴቴን መያዝ አቃተኝ።

«ዓመት ሙሉ ደበቅሽኝ!»

«ደበቅኩህ? ዓመት ሙሉ አብሬህ ስበላ አንድ ቀን ሥጋችሁን ነካሁ? ይሄን የማያውቅ ሐበሻ የት አለ? አውቀህ፣ አክብረኸኝ ዝም ያልክ መስሎኝ ነበር!»

ወሬኛው ረሻድ ወሬ ቀየርኩ።

«ስሙስ?» አልኳት።

«ደላላው ነው ያወጣልኝ። እስላም ካልሆንሽ ቶሎ ሥራ አታገኚም አለኝ። ማተቤን ቦሌ ላይ በጥሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ልሰረው ስል እጄ ይፈራል።»

ቦርሳዋን አቅፋ ተቀመጠች። ንዴቴ ሁሉ ጠፋ። ፍርሃት ብቻ ቀረ።

«እሺ፣ ታዲያ ምን ቸገረን? አንቺ በሃይማኖትሽ፣ እኔ በሃይማኖቴ። የእኔ አይከለክልም።»

«የእኔ ይከለክላል ረሻዴ።» ድምፅዋ ቀጠነ። «እዚያ ቤት የምጸልየው መታጠቢያ ክፍል ገብቼ፣ ውሃ ከፍቼ ነበር፤ እንዳይሰሙኝ። ከዚህ አውጪኝ እንጂ በስሜ፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ፣ በቁርባን ነው የማገባው ብዬ ለእመቤቴ ተስያለሁ። አወጣችኝ። አሁን ምን ልበላት?»

«እኔ ልቀየርልሽ?»

እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። ስሰማው ራሴ ደነገጥኩ። እጇን አፌ ላይ ጫነችው።

«እንዳትደግማት! ጫማህን ይዤ ስትሰግድ አይቼሃለሁ እኮ። ፊትህ እንዴት እንደሚሆን አንተ አታውቀውም። እኔን እንደቀሙኝ እኔ ደግሞ አንተን ልቀማህ? አላደርገውም! በጣም ነው የምወድህ፣ አላደርገውም!»

መኪናው ውስጥ ሁለታችንም አለቀስን። አንዳችንም በደለኛ አይደለንም። ክፋቱም እሱ ነው፤ የምትቆጣው ሰው እንኳ የለም።

ከዚያ በኋላ ባሱ ላይ ኋላ ትቀመጥ ጀመር። ማይኩን አልነካሁትም። አንድ ቀን አዲስ ባጅ አድርጋ ገባች፤ ዜግነቷን ስትወስድ የራሷን ስም አስመልሳለች። «እንኳን ደስ አለሽ» አልኳት።

«በስሜ አትጠራኝም?»

ሳቅ ብዬ አለፍኩት። አልቻልኩማ! ዘርፈሽዋል ካልኳት፣ ሀይፋ የምትባል የእኔ ሴት አለቀች ማለት ነው።

መስከረም ላይ ወንበሬ አጠገብ መጥታ ቆመች።

«እናቴን ለማየት አገር ቤት ልሄድ ነው። ስመለስ ወደ ዴንቨር አልመጣም፤ ዳላስ አጎቴ ጋ እገባለሁ። መንገዴ ላይ ዱባይ ግማሽ ቀን አለኝ። ቦታው... እስካሁን አለ?»

«አለ። ለሁለት ሰው።»

«በስልክ አንተ አስጎብኘኝ። ጉብኝቱ ሲያልቅ ግን እኛም እንለቅ። ከዚያ አትደውልልኝ፤ እኔም አልደውልም። ድምፅህን እየሰማሁ መተው አልችልም።»

«እሺ» አልኩ። እሺ ማለት እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

በቀኑ፣ እዚህ ገና ሳይነጋ፣ አፓርትመንቷ የነበረው ሕንፃ በር ላይ ፓርክ አደረግኩ። እዚያ ከሰዓት ነው። ስልኬ ጠራ። ምስሏ መጣ፤ የአብዱራህማን ቫን ውስጥ ናት። ስልኳን አጠገቧ ባለው ባዶ ወንበር ላይ አቆመችው።

«ይሄ ያንተ ወንበር ነው» አለችኝ።

አንገቷ ላይ ጥቁር ክር አየሁ። ማተቧን አስራለች። እዚያው በደበቀችበት ከተማ!

«ጀምር እንጂ!» አለችኝ። «አስጎብኚ አይደለህም?»

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «ክብርት ሆይ... እንኳን ወደ ዱባይ በሰላም መጣሽ። በግራሽ ያሉት የጭቃ ቀለም ቤቶች የድሮ ሰፈር ናቸው። ጣሪያቸው ላይ ያለው ማማ ነፋስ ወደ ቤት ያስገባል። ያኔ ኤሲ የለማ!»

ሳቀች። አፏን አልሸፈነችም።

የእንጨቷ ጀልባ ላይ ስትወጣ «ያዘኝ!» አለችኝ። በምኔ ልያዛት? የመኪናዬን መሪ ያዝኩ። ውሃው መሐል ስትደርስ አማተበች። ማንም ዞር ብሎ አላያትም። ቅመማ ቅመም ተራ ገባች፣ ወርቅ ተራ ገባች። አንድ ባለሱቅ የሙሽራ ሐብል ሊያሳያት ሲል ስልኩን ወደ ሌላ አዞረችው።

ጁሜራ ሲደርሱ ጫማዋን አውልቃ ሮጠች።

«ረሻዴ! አለ! ባህሩ አለ!»

«አላልኩሽም? ውሸታም አልሽኝ እንጂ!»

«ይቅርታ... ይቅርታ ውዴ» እያለች እየሳቀች ታለቅሳለች። ይሄኔ በስልኩ ውስጥ አዛን ተሰማኝ።

«የእናንተስ ሰዓት አልደረሰም?» አለችኝ።

«ሱብሂ ነው፣ የንጋቱ ሶላት። ግን ቆይ፣ ጊዜ የለንም...»

«ሂድ ስገድ። እጠብቅሃለሁ።»

ስልኩን ዳሽቦርዱ ላይ ትቼ ሣሩ ላይ ሰገድኩ። ስመለስ እግሯን ውሃ ውስጥ አድርጋ፣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዝም ብላ ትጠብቀኛለች። ጫማዬን ትጠብቅልኝ እንደነበረው።

ከዚያ ጊዜው ሮጠ። አብዱራህማን «ኤርፖርት ደረስን» አለ። እኔ ግን ማውራቴን አላቆምኩም።

«በቀኝሽ ደግሞ...»

«ረሻዴ፣ መኪናው ቆሟል።»

«አንድ ቦታ ይቀረናል!»

«የት?»

«ቻምበርስ ሮድ። በቀኝሽ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ቤት ይታይሻል። ኩሽናው ሁለት መጥበሻ አለው፤ አንዱ ያንቺ፣ አንዱ የእኔ። እሑድ አንቺን ቤተ ክርስቲያን፣ ዓርብ እኔ ራሴን መስጊድ አደርሳለሁ። አንዲት ልጅ አለችን፤ ወሬኛ ናት፣ በእኔ ነው የወጣችው። ስትስቅ ግን አንቺን ነው የምትመስለው። ይሄ ቤት... ይሄ ቤት ለጎብኚ ዝግ ነው።»

ስታለቅስ አያታለሁ። አብዱራህማን ወርዶ ሻንጣዋን ይዞ ቆመ፤ ወደ እኛ አላየም።

«አይተሻል?» አልኳት።

«አየሁት። ያምራል።» እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ረሻዴ፣ ይረፍድብኛል። አንዴ በስሜ ጥራኝና ልሂድ።»

ስንት ዓመት በምላሴ የኖርኩት ሰውዬ አንዲት ስም አቃተችኝ። እሷ ጠበቀችኝ።

«ዘርፈሽዋል።»

«አቤት!» አለች። እንደ ልጅ፣ ከልቧ። ስልኩ ተዘጋ።

ፀሐይ ወጣ። ስልኩን እንደያዝኩ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። አንድ ሰው መስኮቴን አንኳኳ። ከአፓርትመንቱ የወጡ ሐበሻ አባት ናቸው፤ ወደ ሥራ ሊሄዱ ቦርሳቸውን አንግተዋል።

«ልጄ፣ ደህና ነህ? ሰው እየጠበቅክ ነው?»

ፊቴን ጠረግኩ።

«አይ አባባ» አልኳቸው። «አድርሼ መመለሴ ነው።»