ተረከዝ የሚልሰው ዓሣ

የቀበሌው ዘበኛ የወልደሰንበት ሬሳ በአቃቂ ወንዝ፣ ክር ማቅለሚያው ውሃውን ከሚለቅበት ቱቦ ዝቅ ብሎ፣ ልብሱ ሰማያዊ ሆኖ ተገኘ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ቀናው ጊዜ አላጠፋም። ፀሐይ ሳትሞቅ የኡምሀኒን ልጅ ደርዊሽን የፊጥኝ አሳስሮ ወንዙ ዳር አስቀመጠው። ደርዊሽ የጭነት መኪናውን ሁልጊዜ እዚያ ያጥባል፤ ትናንት ከሟቹ ጋር ሲሰዳደብ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል።

ኡምሀኒ ልጇ ትንሽ ከዘገየ መኪናው ገደል ገባ ብላ የምታስብ ሴት ናት። ይህን ግን አላሰበችውም።

«ሴትዮ፣ ዞር በይ» አላት ቀናው። «ከወሎ ድረስ ነፍሰ ገዳይ አዝለሽ መጥተሽ ደግሞ ታለቅሻለሽ?»

«አላለቀስኩም» አለች። እውነቷን ነው፤ ዓይኗ ደርቋል።

መርማሪዋ ሃምሳ አለቃ አሰጋሽ ስትደርስ ማንንም ሰላም አላለችም። ሬሳው አጠገብ ተንበርክካ ምላሱን በነጭ መሐረብ ጠረገች። መሐረቡ ነጭ እንደሆነ ወጣ። ከዚያ የሟቹን እግር አንስታ ተመለከተች።

«ተረከዙ እንዴት ነበር?»

«እንደ በጋ መረሬ መሬት የተሰነጣጠቀ» አለ ቀናው። «እንስቅበት ነበር።»

«ታዲያ ይህ የሕፃን ተረከዝ ከየት መጣ?»

ሃያ ዓመት በዚህ ወንዝ ልብስ ያጠበችው ኡምሀኒ አየት አድርጋ «ዓሣ ልሶት ነው» አለች።

ቀናው ሳቀ። «ደሞ ዓሣ እግር ሊልስ!»

«ይናገሩ እማማ» አለች አሰጋሽ።

«ድንጋይ የሚልስ ትንሽ ዓሣ አለ። አይነክስም፤ ትል ቢጥሉለትም አይነካ። ድንጋይ ላይ ያለውን አረንጓዴ ልጋግ ሲልስ ይውላል። እኛ አጣቢዎች ልብሱ እስኪደርቅ እግራችንን እንሰጠዋለን፤ የሞተውን ቆዳ ያነሳልናል። እንዲህ ለማጥራት ግን ሌሊቱን ሙሉ መላስ አለበት።»

«እዚህ አለ?»

«እዚህማ ቀለሙ ፈጀው። የቀረው ከቱቦው በላይ፣ የአምራቾች ማኅበሩ አትክልት ቦታ ኩሬ ውስጥ ነው። ሳይታጠር በፊት እዚያ ነበር የምናጥበው።»

ይህን ስትል ዓይኗ ከአትክልቱ ኃላፊ ከበዛብህ ዓይን ጋር ተጋጨ። ሬሳውን አየሁ ብሎ የጮኸው እሱ ነበር።

«ጋሼ በዛብህ፣ የአጥሩ በር ቁልፍ ማን ዘንድ ነው?» አለች አሰጋሽ።

«እኔ ዘንድ ብቻ። ከቅዳሜ ወዲህ ዝንብም አልገባ።»

አሰጋሽ ቁልፉን ተቀብላ ከሁለት ፖሊሶች ጋር ወጣች። ስትመለስ ብቻዋን ነበረች፤ ሁሉንም ሬሳው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ወልደሰንበት እዚህ ሰምጦ ቢሆን ቀለሙ ምላሱንም ይነክረው ነበር። ምላሱ ንጹሕ ነው፤ ስለዚህ የዋጠው ንጹሕ ውሃ ነው። ተረከዙን ዓሣ ልሶታል፤ ዓሣው ያለው ከተቆለፈ በር ውስጥ ነው። ቁልፉ ያለው አንድ ሰው ዘንድ ነው። ያ ሰው ንጋት ላይ ሬሳውን እዚህ ጎትቶ ጣለ፤ ጥፋቱ በደርዊሽ እንዲላከክ።»

«ወልደሰንበት ምን በደለው?» አለ ቀናው።

አሰጋሽ ወደ ላይ አመለከተች። ፖሊሶቹ ከአትክልቱ ቦታ የውሃ መሳቢያ ሞተር ቤት ፀሐይ አጥቶ የገረጣ ወጣት ይዘው ሲወርዱ ታዩ። ሐረር ሄዷል የተባለው የበዛብህ ልጅ ሙሉአለም ነው።

በዛብህ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ከዘመቻ ነው የደበቅኩት። ትናንት ማታ ምግብ ሳደርስለት ወልደሰንበት ከኋላዬ ገብቶ አየው። ለቀበሌ እናገራለሁ አለኝ። ገፋሁት፤ ከውሃው ሊወጣ ሲል ደግሞ አልለቀቅኩትም።» ቀና ብሎ ኡምሀኒን አያት። «አንቺ እናት አይደለሽም?»

«እናት ባልሆን ኖሮ ዝም እል ነበር» አለችው።

የደርዊሽ ገመድ ተፈታ። ኡምሀኒ ክንዱን ይዛ ወደ ቤት ልትጎትተው ስትል ቀናው ደብተሩን አወጣ።

«ለብሔራዊ ውትድርና የዚህ ወር ኮታ ሁለት ሰው ጎድሎኝ ነበር» አለና ሙሉአለምን ጻፈ። ከዚያ ወደ ደርዊሽ ዞረ። «አንተስ፣ ዕድሜህ ስንት ነው?»

«አሥራ ስድስት» አለች ኡምሀኒ ቀድማ።

«ሃያ አራት» አለ ደርዊሽ፣ እናቱ ክንዱን እየቆነጠጠችው።