አባባ የሚበሉት

«በቀን ውስጥ ምን ምን ይበላሉ?» ነርስ ሽታዬ የኩባዊውን ሐኪም ጥያቄ በአማርኛ አቀረበችላቸው።

አቶ ወልደጻድቅ ደረታቸውን ነፋ አደረጉ። «እኔማ ስኳር በሽታ አለብህ ከተባልኩ ወዲህ ጮማ አልነካ፣ ቅቤ አልነካ። በየማለዳው ሬት በጥብጬ እጠጣለሁ። አቦ፣ በድሬዳዋ እንደኔ ተጠንቅቆ የሚበላ ካለ ይምጣ!»

ሐኪሙ ፈገግ ብሎ አብራቸው ወደ መጣችው ልጃቸው፣ ወደ የሺአረግ ዞረ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ የአባቷን ምግብ የምታቀርበው እሷ ነች። ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፋ በራሽን የምታመጣውን ስኳር ሻያቸው ውስጥ አራት ማንኪያ የምትጨምረውም፣ ከሥራ ሲገቡ ተምር በሳህን የምታቀርበውም እሷው ናት። አንድ ቀን «አባባ፣ ጣፋጩ ይቅርብዎት» ብትላቸው ሳቁባት። «ሬቱ ጠርጎ ያወጣዋል እኮ! መራራውን ለምን የምጠጣው መሰለሽ?» ከልባቸው ያምኑበት ነበር።

«እውነት ነው?» አለቻት ሽታዬ።

አባቷ አዩዋት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በባቡር ጣቢያ ተከብረው የኖሩ ሰው ናቸው። እንዴት በሰው ፊት ታዋርዳቸው?

«እውነታቸውን ነው» አለች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አቶ ወልደጻድቅ የደቻቱን ደረቅ ወንዝ በእግራቸው ሲሻገሩ ሚስማር ጫማቸውን በስቶ ገባ። ስኳሩ እግራቸውን አደንዝዞት ስለነበር ምንም አልተሰማቸውም። ማታ ካልሲያቸው በደም መራሱን ያየችው የሺአረግ ነበረች። ቁስሉ ጠቆረ፤ ሸተተ። በመጨረሻም እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

ሲነቁ ብርድ ልብሱ ጎድጎድ ያለበትን ቦታ ደጋግመው ዳበሱ። ከዚያ አለቀሱ። የሺአረግ አባቷ ሲያለቅሱ አይታ አታውቅም።

«ልጄ፣ ምን አጠፋሁ? ስጠነቀቅ አልነበር የኖርኩት?»

እጃቸውን ያዘች። 

በማግሥቱ ሐኪሙና ሽታዬ አልጋቸው ጋ ሲደርሱ፣ ገና ሳይጠየቁ ጀመሩ። «ንገሪልኝ እህቴ፤ ከእንግዲህ ሬቱን በእጥፍ እጠጣለሁ። ይኼኛው እግሬ እንኳ ይትረፍልኝ።»

የሺአረግ ከወንበሯ ተነሳች።

«እህት ሽታዬ፣ ያን ዕለት ዋሽቻለሁ።»

«ምን አልሽ አንቺ?» አሉ አባቷ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ። ጣፋጩን አንድም ቀን አልተዉም። የማቀርብልዎም እኔ ነኝ።»

አቶ ወልደጻድቅ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሽታዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለሐኪሙ ተረጎመችለት፤ እሱም ሊጽፍ ወረቀት አወጣ።

የሺአረግ አልጋውን ዞራ በመስኮቱ በኩል ተንበረከከች። አባቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፊታቸውን እያየች፣ በቀን የሚበሉትን አንድ በአንድ መናገር ጀመረች።