የማያንጠባጥብ መጋጠሚያ

የውሃው ጎማ በሲድራ እጅ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ቧንቧው ሁለት ጊዜ አጉረመረመና ጸጥ አለ።

«ሄደች እንዳትይኝ!» አለ ሞቱማ ከቆርቆሮው አጥር ማዶ። «በርሜሉ እኮ ገና አልሞላም!»

«ሄደች» አለችው ሲድራ። «ቡራዩ ውስጥ ውሃ ስትሄድ መቼ አስፈቅዳ ታውቃለች?»

እውነቱን ለመናገር ሲድራ ያን ያህል አልከፋትም። ዓይኗ መጋጠሚያው ላይ ነበር። አንዲት ጠብታ እንኳ አላመለጠችም! እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ግቢ ታይቶ አይታወቅም። እናቷ ወይዘሮ ራያ ከመርካቶ ያመጣችው ይህ አረንጓዴ ጎማ ጫፉ ከቧንቧው ጥርስ ጋር አልገጥም ብሎ ዓመቱን ሙሉ በጨርቅና በሲባጎ ሲታሰር ከርሟል። ውሃ የቀዳ ሰው ሁሉ ሳይወድ በግዱ እግሩን ታጥቦ ነበር የሚመለሰው። ዛሬ ደግሞ ከአጥሩ ማዶ ያለው የሞቱማ በርሜል እንዲሞላ ሁለት ጎማ መቀጠል ስላስፈለገ የባሰ ጣጣ መጣ። የሞቱማ አያት ጎማ ጥቁርና ወፍራም ነው፤ የእነሲድራ ቀጭን። ሁለቱን ማጋባት ድመትና አይጥ እንደ ማጋባት ነበር።

ግን ሲድራ እጀ ወርቅ ናት። ከአሮጌ የሞተር ካላማዳሪያ፣ ከውስጠኛው ስስ ጎማ፣ ቆርጣ ቀጭኑ ላይ ጠመጠመች። የጥቁሩን አፍ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ አለሰለሰችው፣ ጥርሷን ነክሳ እየገፋች በላዩ አለበሰችው፣ ከዚያ በፋሸታ፣ በብረት ማሰሪያው፣ ጠረቀመችው። የቧንቧውንም ጫፍ እንደዚያው አደረገች። ሞቱማ «ኧረ አንቺ ልጅ ኢንጂነር ነሽ! ተመቸሽኝ!» ሲላት በኩራት አፍንጫዋ ተነፋ።

ኦቦ ያደታ፣ የሞቱማ አያት፣ ከአጥሩ ማዶ ከፍ ብሎ ባለው ጓሮ ጎመን ያለማሉ። ዛሬ ለለቅሶ መናገሻ ሄደዋል። ሲወጡ «የተባዩን መድኃኒት እኔ ሳልመለስ እንዳትነካት» ብለውት ነበር፤ ሞቱማ ግን ከሰዓት በኋላ ኳስ ስላለበት ቶሎ ረጭቶ መገላገል ፈለገ። መድኃኒቱን በርሜሉ ውስጥ ቀድሞ ገለበጠ። ውሃው አረፋ እንዳያበዛበት ደግሞ የጎማውን ጫፍ እስከ በርሜሉ ወለል ድረስ ሰደደው። የሲድራም እናት «ይህ ጎማ ከአጥር ሲወጣ እንዳላይ፣ ወላሂ አልምርሽም!» ብላለች። እንግዲህ ሁለቱም አጥፊዎች ናቸው፤ ማን ማንን ይወቅሳል?

«ሲድራዬ!» የሚል ድምፅ ከታችኛው ግቢ መጣ። ብዙነሽ ናት፣ ተከራያቸው። ከሆሳዕና መጥታ ፋብሪካ የምትሠራ ሳቂታ ሴት ናት፤ አራት ዓመት የሞላው ኤልቃና የሚባል ልጅ አላት። «ሲድራዬ፣ ጌታ ይባረክ በይ! ዛሬ ውሃዋ ሄዳም አልሄደች! ጀሪካኔ ሞላ እኮ!»

ግቢው ቁልቁለት ነው። ውሃ በሄደች ቁጥር ብዙነሽ እየሮጠች የታችኛውን ቧንቧ ትከፍታለች፤ ቱቦው ውስጥ የቀረችው ወደ ታች ወርዳ አንድ ጆግ ታህል ትገኛለች። ቀሪዋን በዚህ ሰፈር የሚያባክናት የለም።

«አልሐምዱሊላህ በይ እንጂ ብዙዬ!» ብላ ልታላግጥ ሲድራ አፏን ከፈተች፤ ግን ቃሉ አፏ ውስጥ ቀረ።

ጀሪካን? ከቀሪ ውሃ?

ጎንበስ ብላ ጎማውን አየችው። አረንጓዴው ጎማ ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቷል። የሆነ ነገር ከውስጥ የሚመጠው ይመስላል። እጇን ብታስጠጋ ቀዝቃዛ ነው፣ በስሱም ይርገበገባል። ውሃ ከሄደች ቆይታለች፤ ታዲያ ምንድን ነው የሚሄደው?

«ሞቱማ፣ በርሜሉን እየው።»

«ምኑን ልየው?»

«ውሃው የት ጋ ነው?»

ሞቱማ በርሜሉ ላይ አጎነበሰ። «ቅድም ወገቡ ላይ ነበር… አሁን ወርዷል። ኧረ እየወረደ ነው! ቀዳዳ አለው እንዴ? ሥሩ ግን ደረቅ ነው።»

ሲድራ ዘልላ ቧንቧውን ጠረቀመችው። ጎማው ቀስ ብሎ ተነፋና ቅርጹ ተመለሰ። ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ግልጽ ሆነላት፤ ግልጽ ባይሆንላት በወደደች። ብዙነሽ ከታች ስትከፍት ቱቦው ከላይ በርሜሉን ይጠጣ ነበር። ያ የድሮው ጨርቅና ሲባጎ ቢሆን ኖሮ አየር ያስገባና መምጠጡ ይቋረጥ ነበር። ያንጠባጥባል እያሉ የሚስቁበት ጨርቅ! የእሷ መጋጠሚያ ግን አየርም አያስገባ፣ ጠብታም አያስወጣ።

«ሞቱማ፣ መድኃኒቱ ምን ዓይነት ነው?»

«እኔ እንጃ። ጠርሙሱ ላይ የራስ ቅል አለ።» ድንጋይ ላይ ወጥቶ ከአጥሩ በላይ ብቅ አለ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። እሱም ገብቶታል። «ሲድራ፣ ማሎ! እባክሽ አትናገሪ! አያቴ ይገድለኛል። አንቺንስ እናትሽ ትተውሻለች? ስሚኝ፣ ውረጂና ጀሪካኑን በእግርሽ ድፊው። ‹ውይ ይቅርታ› በይ፣ አለቀ። ማንም ሳይጎዳ፣ ማንም ሳያውቅ!»

ሲድራ እየሮጠች ወረደች። ጀሪካኑ በሩ ላይ ነበር፤ ውሃው ጥርት ያለ፣ ምንም የማይመስል። ብቻ ጠጋ ሲሉት ሽታው ቀጠን ብሎ አፍንጫ ይነካል። ረገጠችው። ውሃው እየተገላበጠ ወደ ቦዩ ሄደ።

«ውይ! ይቅርታ ብዙዬ፣ አላየሁትም!»

እፎይ! ደረቷ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ የተነሳ መሰላት።

ብዙነሽ ከውስጥ ብቅ ብላ ሳቀች። «አይ አንቺ ልጅ፣ ምን ያጣድፍሻል? አይዞሽ፣ ለሽሮዋ የሚሆን ቀድሜ ቀንሻለሁ። ድስቱን ጥጄዋለሁ። ለኤልቃናም በኩባያው ሰጥቼዋለሁ።»

ሲድራ ዞረች። ኤልቃና ግድግዳው ሥር ቁጭ ብሎ በቆርቆሮ መኪናው ይጫወታል። ሰማያዊው ኩባያ በእጁ ነው፣ ግማሽ ደርሷል። ሸሚዙ ፊት ለፊት ርሷል። የመኪናዋም ጎማ ርሷል። ጠጥቶት ይሁን አፍስሶት ማን ያውቃል?

ኩባያውን ከእጁ ነጠቀችው። ልጁ እሪ አለ።

«ኤልቃና፣ ጠጣህ? ንገረኝ፣ ጠጣህ?»

ልጁ ያለቅሳል እንጂ አይመልስም። ከንፈሩ እርጥብ ነው።

«ምን ሆነሻል ሲድራ?» የብዙነሽ ሳቅ ጠፋ። «ልጁን ውሃ መከልከል ምን የሚሉት ነገር ነው?»

ወይዘሮ ራያ ጩኸቱን ሰምታ ከሱቋ ወጥታ ቁልቁል መጣች። ጠብ በሸተታት ቁጥር የምትላት ነገር አለቻት። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ! ምንድን ነው ይህ ሁሉ ጩኸት?»

‹ዝንብ ገብቶበት ነው ኡሚ።› ውሸቱ ተዘጋጅቶ ምላሷ ላይ ቁጭ ብሏል። አጭር ነው፣ ማንም ያምነዋል። ኩባያውንም ትደፋዋለች። ድስቱንስ? የልጁንስ ሆድ? ማታ ቢያመው ማን ምን እንደሆነ ያውቃል? ወደ አጥሩ ቀና አለች። ሞቱማ በሁለት እጁ ቆርቆሮውን ይዞ ራሱን ይነቀንቃል፤ አትናገሪ፣ አትናገሪ።

«ብዙዬ፣ ድስቱን አውርጂው» አለች ሲድራ። ድምጿ የራሷ አልመስል አላት። «ማንም እንዳይቀምሰው። ከታችኛው ቧንቧም ማንም እንዳይቀዳ።»

ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ ጮኸች። «ሞቱማ! የመድኃኒቱን ጠርሙስ ይዘህ ና! ጤና ጣቢያ ስሙን ይጠይቁናል!»

ሞቱማ ከአጥሩ ላይ ጠፋ። ከዚያ ጠርሙስ ከድንጋይ ጋር ሲላተም፣ ቀጥሎም የሚሮጥ እግር ተሰማ።

ብዙነሽ ልጇን አፈፍ አድርጋ እቅፏ ውስጥ ከተተችው፤ ከንፈሯ «ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ» ይላል። ወይዘሮ ራያ መጀመሪያ ኩባያውን፣ ከዚያ ወደ ላይ ወደ አጥሩ የሚሄደውን ጎማ፣ በመጨረሻ ልጇን አየች።

«ሲድራ፣ ምን አድርገሽ ነው?»

ሲድራ የብዙነሽን ክንድ ይዛ ወደ በሩ መራመድ ጀምራለች።

«ባጃጅ ጥሪልን ኡሚ» አለች። «መንገድ ላይ ከሥሩ እነግርሻለሁ።»