ያላፈገፈጉት ፈረሶች

ንጉሡ በነገሠ በዘጠነኛው ዓመት፣ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ መድረቅ ሲጀምር፣ የጠላት ጦር መድፍ እየጎተተ ወደ ድንበሩ መቃረቡ ተሰማ፤ በዚያው ሳምንት በቤተ መንግሥቱ ጋጣ ያሉት አርባ ፈረሶች የመድፍ ድምፅ እንዲለምዱ ትእዛዝ ወጣ። ትእዛዙን የተቀበለው የጋጣው ሹም ባልደራሱ ነበር፤ ስለ ፈረስ የሚያውቀው ኮርቻውን ብቻ የሆነ ሰው ነው።

ሥራው የወደቀው ግን በፈረስ ገሪው ላይ ነበር። ፈረስ ገሪው ጅራፍ አይወድም። በሜዳው ማዶ ከበሮ ያስመታል፤ ከበሮው ሲመታ ለፈረሱ ገብስ ያቀርብለታል፤ ፈረሱ ከደነገጠ ከበሮው ባለበት ይቆያል፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ከቆረጠመ ደግሞ በማግሥቱ አሥር እርምጃ ይቀርባል። በኋላ ከበሮው በጠመንጃ፣ ጠመንጃው በመድፍ ይተካል። በዚህ መንገድ ከአርባዎቹ ሌላ አንዲት ዳማ ባዝራ አስቀድሞ በአራት ወር አሠልጥኗል፤ መድፍ ሲጮህ ገብስ የመጣላት እየመሰላት አፏን ታንቀሳቅስ ነበር። ያሰባት ለታናሽ ወንድሙ ነው፤ ወላጆቻቸው ከሞቱ ወዲህ እሱው ያሳደገው ይህ ወንድሙ በፊተኛው ሰልፍ ከሚዘምቱት ፈረሰኞች አንዱ ነበር።

«ስንት ቀን ይበቃሃል?» አለው ባልደራሱ።

«አራት ወር፣ ጌታዬ።»

«ጠላትን እስቲ ቆይልኝ ልበለው? በሦስት ቀን ጨርስ!»

«በሦስት ቀን ማስደንበር እንጂ ማልመድ አይቻልም፣ ጌታዬ።»

ባልደራሱ አልተቆጣም፤ ሳቀ። ፈረሶቹን አራት እግራቸውን በጠፍር ከግንድ ጋር አሳሰራቸውና መድፉን ከአፍንጫቸው ሥር አስተኮሰ። በመጀመሪያው ቀን ጮኹ፣ ታገሉ፤ ጠፍሩ እስከ አጥንታቸው የዘለቀባቸው ነበሩ፤ የአንዱ እግር ተሰብሮ እዚያው ተገደለ፤ ምትኩ ወዲያው መጣ። በሁለተኛው ቀን ሲንቀጠቀጡ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን አንድም ፈረስ አልተነቃነቀም፤ ጠፍሩ ሲፈታላቸው እንኳ እንደ ቆሙ ቀሩ።

«ለመዱ!» አለ ባልደራሱ።

ፈረስ ገሪው የአንዱን አንገት ዳሰሰ፤ በላብ ርሷል፤ አፉ ሥር ያለውን ገብስ አልነካም።

«አልለመዱም፣ ጌታዬ። ማምለጥ እንደማይቻል ነው የተማሩት። ነገ መድፍ ሲሰሙ ይቆማሉ፤ ቢገደሉም አይሄዱም።»

ለዚህች ቃል ሃያ ጅራፍ ተገረፈ። ዳማዋን ግን ባልደራሱ ለራሱ ወሰዳት፤ ሰውዬው ፈረስ ባያውቅም ነፍሱን ይወድ ነበርና።

በዘመቻው ጧት የፈረስ ገሪው ወንድም ሊሰናበተው መጣ።

«ጋሼ፣ ጀርባህ እንዴት አደረ?»

«ጀርባዬን ተወው። ስማኝ፤ መድፍ ሲተኮስ ከፈረሱ ዝለልና በእግርህ ሩጥ።»

«ጋሼ ደግሞ! ፈረሰኛ ፈረሱን ጥሎ ሲሮጥ ሰው ምን ይላል? ያሳደገው ሰው ፈሪ ነው እንዲሉህ ነው?»

«ያሉትን ይበሉኝ። ብቻ እሺ በለኝ።»

«እሺ ጋሼ» አለ፤ እሺ ያለው ወንድሙን ለማስደሰት እንደሆነ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ሰልፉ ሜዳው መሐል ሲደርስ የጠላት መድፍ ጮኸ፤ አርባውም ፈረሶች ቆሙ። ፈረሰኞቹ ኮለኮሉ፣ ገረፉ፣ አንዳንዶቹም ለመኑ፤ ንቅንቅ ያለ የለም። የጠላት ተኳሾች ሳይቸኩሉ አንድ በአንድ ለቀሟቸው። ወንድሙ ከኮርቻው ሳይወርድ ሞተ። ከኋላ የነበረው ባልደራስ የዳማዋን ልጓም አዙሮ በደኅና ቤቱ ገባ።

የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ይህን ውጊያ በአራት መስመር ዘግቦታል፤ «አርባው ፈረሶች በመድፍ እሳት ፊት አንድ እርምጃ እንኳ አላፈገፈጉም፤ ይህም የባልደራሱ ብልሃት ነው» ይላል። ሐሰት የለበትም፤ ለምን እንደ ቆሙ ግን የጠየቀ አልነበረም። በዓመቱ ባልደራሱ ካባ ለብሶ ሌላ መቶ ፈረስ ተረከበ፤ ጠፍሩን እንዲያጠብቅ የታዘዘውም ፈረስ ገሪው ነበር፤ አጠበቀ።