በግራ በኩል የተነፋው ፊሽካ

ጥላ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ የሚል ሰው ሲመጣብኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ቁርስ በልተሃል?» ብዬ ነው፤ እመኑኝ፣ እንዲህ ያለ ወሬ እቤቴ ገብቶ አያውቅም። ይሄኛውን ግን በገዛ ጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ።

ከሀዋሳ ወጣ ብሎ ባለ የገረጋንቲ ማውጫ ነው የምንሠራው፣ እኔና ልጄ ምህረት። እሷ በኤክስካቫተር እየዛቀች ትጭናለች፣ እኔ ፊሽካ እየነፋሁ ገልባጭ መኪኖቹን አስጠጋላታለሁ፤ አንድ ረጅም ወደ ኋላ ና፣ ሁለት አጭር ቁም ማለት ነው። በማሽኑ ግራ ገደል ስላለ፣ እናት አይደለሁ፣ እየፈራሁ ሁሉንም በቀኝ ብቻ አስገባ ነበር፤ አንዱ ሞልቶ እስኪወጣ ሌላው ተሰልፎ ይቆማል፣ የልጄም ማሽን ሥራ ፈትቶ ይጠብቃል።

የዚያን ዕለት ጠዋት ፎርማኑ «ምህረት፣ መኪኖቹ ዛሬም ተሰልፈው ከዋሉ ነገ ሌላ ኦፕሬተር አመጣለሁ» አላት። ጥፋቱ የእኔ ፍርሃት መሆኑን እያወቅኩ መኪኖቹን በቀኝ ብቻ ማስገባቴን ቀጠልኩ።

ከምሳ በኋላ አቧራው ተነሣና ከግራ በኩል አንድ ረጅም ፊሽካ ተነፋ። የእኔው አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ጌታ ምስክሬ ነው፣ አልነካሁትም። ዱካሞ የሚባለው ሾፌር በግራ ወደ ኋላ ነዳ፣ ወዲያው ሁለት አጭር ተነፋ፣ መኪናው ከገደሉ ፈንጠር ብሎ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ምህረት ቀኙን ስትሞላ ግራው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፣ ግራውን ስትሞላ ቀኙ፤ ማሽኑ አንዴም ሳያርፍ ዋለ፣ እኔም ምን ላድርግ፣ የቀኜን መንፋት ቀጠልኩ። አቧራው ሲገለጥ አያለሁ፣ ማንም የለም።

ዱካሞ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «የምህረት እናት፣ ግራ ያቆሙት ሰውዬ ከእርስዎ ይሻላል» አለኝ እየሳቀ።

«ምን ዓይነት ሰውዬ?»

«በስፖኪዮ እጁን ብቻ ነው የማየው። ዞር ስል አቧራ ነው።»

«ታዲያ ያላየኸውን ሰው አምነህ ወደ ገደል ትነዳለህ?»

«እርስዎንስ መቼ አየሁና።»

ሥራ ስንጨርስ ሰልፍ የሚባል አልነበረም። ፎርማኑ «ምህረት ትቀጥላለች» አለና ወደ እኔ ዞሮ፣ «የግራው ሰውዬ ነገ መታወቂያውን ይዞ ይምጣ፣ እቀጥረዋለሁ» አለኝ። «እነግረዋለሁ» አልኩ፣ ምን ልበል ታዲያ። ልጄ አቀፈችኝ፣ «እማዬ፣ በመጨረሻ ግራውን ፈቀድሽልኝ» ብላ።

በማግስቱ ልጄን ለማላውቀው ነገር አልተውም ብዬ ራሴው በግራ፣ ከገደሉ አጠገብ ቆምኩ። ፊሽካዬን ወደ አፌ ሳስጠጋ፣ ከቀኝ በኩል፣ ሁልጊዜ ከምቆምበት ቦታ፣ አንድ ረጅም ተነፋ። ምህረት ወደዚያ ዞር ብላ ፈገግ አለችና፣ በየጠዋቱ ለእኔ እንደምታደርገው፣ እጇን አውለበለበች።