አሥራ ሁለቱ ዲስኬቶች

መርማሪው ሻምበል ከሊፋ ሲደርስ የኮምፒውተር ሠራተኛውን አዱኛን ከኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ፣ ማጅራቱ ተፈልጦ አገኘው። ከባዱ የወረቀት መብሻ ብረት ደም እንደለበሰ አጠገቡ ወድቋል። ጊዜው መጋቢት 1981፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት፤ ቦታው ልደታ፣ የአንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ነው።

ጥበቃው ከውጭ የገባ ሰው እንደሌለ ማለ። ከአዱኛ ሌላ ፎቁ ላይ የሚሠሩት ደግሞ ሦስት ብቻ ናቸው፤ ኃላፊው አቶ ገብረየሱስ፣ ጸሐፊዋ ወይዘሮ ወለተሰንበትና የሟቹ ባልደረባ በከር።

«አዱኛ እስከ አምስት ሰዓት በሕይወት ነበር» አሉ አቶ ገብረየሱስ። «ከአምስት ጀምሮ ደግሞ ሦስታችንም ውይይት ክበብ ነበርን።»

«በሕይወት መኖሩን ማን አየ?»

«ማሽኑ ይመሰክራላ፣ ጓድ ሻምበል! አዱኛ ያበጀው አሠራር የመዝገቦቻችንን ቅጂ አጭቆ ያሳንስና በአሥራ ሁለት ዲስኬት ያከፋፍለዋል። አንዱ ሲሞላ ማሽኑ ቆሞ ተከታዩን ይጠይቃል፤ ሰው ካልቀየረለት አይራመድም። ሰዓቱንም ይመዘግባል። የመጨረሻው የገባው ለአምስት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነው።»

ከሊፋ ጠረጴዛው ላይ ወደተበተኑት የዲስኬት የወረቀት ልባሶች ጎንበስ አለ። አዱኛ አስቀድሞ በእርሳስ ቁጥር ጽፎባቸዋል። አንድ በአንድ እየገለበጠ አያቸው። ከዚያ ሦስቱን ለየብቻ ጠርቶ አንድ ጥያቄ ጠየቃቸው።

«ከመካከል አንዱ ዲስኬት ቢበላሽስ?»

«ወዮ! እንደገና ከአንድ መጀመር ነዋ» አሉ ወይዘሮ ወለተሰንበት። «ስንቴ አልቅሻለሁ መሰለዎት!»

«እኔ እንኳን ዲስኬት፣ ማብሪያውንም አልነካ» አሉ አቶ ገብረየሱስ።

በከር ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል። «ከአንድ መጀመሩማ ቀርቷል። ማለፊያውን ቁልፍ ተጭነህ በምትኩ ሌላ ታስገባለህ። አዱኛ ሰኞ ዕለት ነው የጨረሰው፤ ለእኔ ብቻ ነው ያሳየው።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሊፋ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበ። አስከሬኑ ተነሥቷል፤ ደሙ ግን ገና አልታጠበም።

«ከአንድ እስከ አራት ያሉትን ልባሶች እዩ» አለ። «ደም የተረጨው ከላያቸው ነው። ከአምስት ወዲያ ያሉት ላያቸው ንጹሕ ነው፤ ደም የነካቸው ከሥር ነው። ደሙ ከፈሰሰ በኋላ ነው የተጣሉት። እንግዲህ አዱኛ አራተኛውን እንዳስገባ ተመታ። የቀሩትን ስምንት የቀየረው ገዳዩ ነው፤ እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ሰውዬው በሕይወት እንደነበረ ለማስመሰል።»

ከሊፋ ደሙ ወደፈሰሰበት ወለል ጠቆመ።

«አስከሬኑን ያየው ሐኪም፣ አዱኛ ከተመታ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ይተነፍስ ነበር ይላል። እግሩ ሥር ሰው እያጣጣረ ነው ዲስኬት ሲቀይር የቆየው።»

ወይዘሮ ወለተሰንበት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ማሽኑ ሰባተኛው ዲስኬት ብልሹ እንደነበረም መዝግቧል። እርስዎ ቢሆኑ፣ ወይዘሮ፣ ከአንድ ይጀምሩ ነበር። አቶ ገብረየሱስ መላው ይጠፋቸው ነበር። ያ እጅ ግን ማለፊያውን ተጭኖ ቀጠለ። ማለፊያውን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው መሬት ላይ ወድቆ ነበር።»

በከር ለመካድ እንኳ አልሞከረም።

«ሁለት ዓመት አብረን ለፋን!» አለ። «ስለ አሠራሩ ለሚኒስቴሩ በተጻፈው ደብዳቤ ላይ ግን የእሱ ስም ብቻ! ውጭ አገር ለትምህርት የሚላከውም እሱ! ወንድሜ ያልኩት ሰው ስሜን በላው።»

ከሊፋ ወይዘሮ ወለተሰንበትን አንደኛውን ዲስኬት እንዲከፍቱ ጠየቃቸው። አዱኛ በየዲስኬቱ ራስ ላይ የሠሪዎቹ ስም እንዲጻፍ አድርጎ ኖሯል። አረንጓዴው ጽሑፍ ማሽኑ ላይ ብቅ ሲል ወይዘሮዋ ጮክ ብለው አነበቡት፤ «የሠሩት፦ በከርና አዱኛ።»

«ደብዳቤውንስ ማን ጻፈው?» አለ ከሊፋ።

«የተየብኩት እኔ ነኝ። የሁለቱም ስም ነበረበት» አሉና ወደ አለቃቸው ዞሩ። «የበከርን እርሳቸው ሰረዙት።»

አቶ ገብረየሱስ ክራቫታቸውን አስተካከሉ። «በአንድ ገጽ እንዲያልቅ ብዬ ነው። ሁለት መሥመር ተርፎ ሌላ ወረቀት ሊያስፈጅ ነበር።»

በከር ስሙን ደጋግሞ አነበበው። ሲወስዱት ደረጃው ላይ ተቀመጠ፤ ሁለት ፖሊሶች ተሸክመው አወረዱት። ጩኸቱ እስከ ልደታ ማርያም ደጅ ተሰማ።

አቶ ገብረየሱስ ክፍሉ መቼ እንደሚጸዳ ጠየቁ።