ሦስት ሳጥኖች

«የአክስቴን ጭንቅላት ቆርጠሽዋል» አለ ዐዛም፣ ጣቱ የላፕቶፑን ስክሪን ሊነካ ምንም ሳይቀረው።

«አልቆረጥኩትም፤ ተደብቆ ነው» አለች ራንዳ። ፎቶውን በማውሱ ይዛ ትንሽ ወደ ታች ሳበችው። የአክስቱ ግንባርና ነጭ ሻሿ ከሳጥኑ ጠርዝ ሥር ብቅ አሉ። «አየህ? ፎቶው ሙሉውን እዚያው አለ። በሳጥኑ ልክ የመጣው ብቻ ነው የሚታየው።»

«እሺ፣ አሁን ደግሞ የኔን ጆሮ አውጪልኝ።»

«ጆሮህ አይገባም።»

«ኧረ ራንዳ!»

«ዐዛም፣ ደክሞኛል። ወላሂ ደክሞኛል።»

እውነቷን ነበር። በካርቱሙ ሰፈር በቡሪ ቧንቧው ከደረቀ ቆይቷል፤ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመምጣቷ በፊት ከጉድጓዱ ውሃ ቀድታ ቤት ማድረስ የእሷ ሥራ ነው። ሐበሻዋ እናቷ ፍቅርተማርያም ለሰፈሩ ሰው በነፃ ምግብ በሚታደልበት ተኪያ ስለምታበስል ከእሷም ቀድማ ነው የምትወጣው። ክፍል ካለቀ በኋላ ሌሎቹ ወደየቤታቸው ሲሄዱ ራንዳ እዚህ፣ የመምህራኑ ክፍል ውስጥ ትቀራለች። ከትምህርት ቤቱ ውስጥ ሶላር ያለው እዚህ ብቻ ነው፤ የላፕቶፑ ባትሪ ደግሞ ያለ ቻርጅ ብዙ አይቆይም።

ሐሳቡ የመጣው ከመምህርታቸው ከኡስታዛ ዐዊያ ነበር። የክፍሉ ልጆች ከጦርነቱ በኋላ ከየአቅጣጫው ተሰብስበው የመጡ ናቸው፤ ከካይሮ፣ ከገዳሪፍ፣ ከሸንዲ። ከካርቱም ጨርሶ ያልወጡም አሉ። ፈተናው ሲያልቅ ደግሞ እንደገና ይበታተናሉ። «የመታሰቢያ መጽሐፍ እናሳትም» አለች ኡስታዛ። «ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ገጽ። ሐሙስ ኦምዱርማን ወስጄ ለአታሚው እሰጠዋለሁ። በፎቶ ፕሮግራም መሥራት የሚችል አለ?»

የሁሉም ዓይን ወደ ራንዳ ዞረ። አባቷ አብደልራሒም እዚሁ ቡሪ ውስጥ ፎቶ ቤት ነበረው። የሠርግ አልበም ሲሠራ ራንዳ ከጎኑ ትቀመጥ ነበር። ቤተሰቡ ሲሸሽ ላፕቶፑን ይዘው ወጡ፤ የቀረውን፣ ከካሜራው እስከ ደንበኞቹ መቀመጫ፣ ዘራፊዎች ወሰዱት። አባቷ ገዳሪፍ ላይ በትኩሳት ሞተ። ሲመለሱ የፎቶ ቤቱ በር እንኳ በቦታው አልነበረም።

ቴምፕሌት መሥራትን ያስተማራት እሱ ነው። ባዶ ገጽ ይከፈታል። ከሥር የሰማይ ቀለም ያለው መደብ፣ ከላዩ ሦስት ግራጫ ሳጥኖች፣ ከዚያ በላይ ስም የሚጻፍበት ቦታ ይደረጋል። እያንዳንዱ በየራሱ ሌየር ላይ ነው፤ እንደተደራረበ መስታወት፣ አንዱን ሲነኩት ሌላው አይበላሽም። የአንድ ተማሪ ተራ ሲደርስ ፎቶዎቹን ከሳጥኖቹ ጋር ማያያዝ፣ ስሙን መቀየርና በሌላ ስም ማስቀመጥ ብቻ ነው። ባዶው ገጽ ለሚቀጥለው ሰው ባዶ እንደሆነ ይቀራል። ራንዳ አንድ ቀን በሌላ ስም ማስቀመጡን ረስታ ቴምፕሌቱ ራሱ ላይ የዐዛም ፊት ተለጥፎ ቀርቶ ነበር። እንደገና ለመሥራት ሙሉ ከሰዓት ፈጅቶባታል።

የመጀመሪያው ሳጥን ለሕፃንነት ፎቶ፣ ሁለተኛው ለቤተሰብ፣ ሦስተኛው ለትምህርት ቤት ነው። ሦስቱንም የመረጠችው ራንዳ ናት።

«አሁን የማን ተራ ነው?» አለ ዐዛም። በጆሮው ተስፋ ቆርጧል።

«የኤደን። ትናንት ማታ ነው የላከችልኝ።»

ኤደን ጓደኛዋ ናት። የኤደን እናትና አባት ሁለቱም ሐበሾች ናቸው፤ ያደገችው ከከተማዋ በስተደቡብ፣ ማዮ ሰፈር ነው፤ አሁን ከእናቷ ጋር ቡሪ ዘመድ ቤት ተጠግታለች። ክፍል ውስጥ አማርኛ የሚናገሩት እሷና ራንዳ ብቻ ስለሆኑ ሌላው እንዳይሰማቸው ሲፈልጉ አማርኛ ያወራሉ።

ራንዳ የሕፃኗን ፎቶ ከፈተች። ቢጫ ኮፍያ ያደረገች፣ ሁለት ጥርስ ብቻ ያላት፣ በሳቅ የፈነደቀች ሕፃን። ፎቶው ጨለም ስላለ ብርሃኑን ልታስተካክል አጎላችው። ጉንጯ ላይ ጥቃቅን ነጠብጣቦች አየች። ይበልጥ አጎላችው። ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫ ነጥቦች በመስመር ተሰልፈዋል።

እጇ ማውሱ ላይ ቆመ። የፎቶ ወረቀት እንዲህ ዓይነት ነጥብ የለውም። ይህ በማተሚያ ቤት የታተመ ነገር ነው፤ ጋዜጣ፣ ካርቶን፣ ወይም ፖስተር። ከዚያ ቢጫው ኮፍያ የት እንደሚገኝ ትዝ አላት። ከትምህርት ቤቱ ማዶ ያለው ፋርማሲ መስኮት ላይ፣ የዱቄት ወተት ማስታወቂያው ላይ። የወተቱ ቆርቆሮ ብቻ ተቆርጦ ወጥቷል።

«ይቺን ሕፃን የሆነ ቦታ አውቃታለሁ» አለ ዐዛም አንገቱን አስግጎ።

ራንዳ ላፕቶፑን ከደነችው።

«ምን ሆንሽ?»

«ባትሪው አለቀ።»

«ቻርጅ ላይ አይደል እንዴ?»

«ኸላስ፣ በቃ አልኩህ፣ ዐዛም! ነገ ና።»

*

ኤደንን ያገኘቻት ለማታ ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ፣ ጉድጓዱ ጋ ነበር። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላለች፤ ሙቀቱ ግን ገና አልበረደም። ወረፋው ሲነቃነቅ ሁሉም ጀሪካኑን በእግሩ እየገፋ አንድ እርምጃ ይጠጋል።

«ፎቶዬን አየሽው?» አለች ኤደን ቀድማ።

«አየሁት።»

«ታምራለች አይደል? ታምራለሁ ማለቴ ነው።» ሳቀች።

ራንዳ አልሳቀችም። ሌላ ቀን ቢሆን ምናልባት ነገሩን አለስልሳ ትጀምረው ነበር። አሁን ግን ትከሻዋ ይጠዘጥዛታል፣ ዓይኗ ከስክሪኑ የተነሣ ይቆጠቁጣታል። «ኤዱ፣ የፋርማሲው ሕፃን ናት።»

«የቱ ፋርማሲ?»

«ታውቂዋለሽ።»

«ወላሂ እኔ ነኝ። እማዬን ጠይቂያት።»

«ልጠይቃት?»

ከፊታቸው ያለችው ሴት ጀሪካኗን ስትገፋ እነሱም ገፉ።

«ሰው ሁሉ በዚያ ፋርማሲ በኩል ነው የሚያልፈው» አለች ራንዳ። «ዐዛም ዛሬ ሊነቃ ምንም አልቀረውም። መጽሐፉ ታትሞ ሲወጣ ምን ልትዪ ነው? ለምን እንዲህ... ምን ይባላል... ለምን ትዋሺኛለሽ? ለኔ?»

«ምን ላርግ ታዲያ?» የኤደን ድምፅ ከፍ አለ፤ ወዲያው ዝቅ አደረገችው። «ማዮ ያለው ቤታችን ተቃጥሏል። ፎቶዎቹ ሰንዱቅ ውስጥ ነበሩ። የኔም፣ የአባቴም፣ የእማዬ የሠርጓም። እማዬ እስካሁን ስለ ሰንዱቁ ከተነሣ ከቤት ትወጣለች።»

«ልትነግሪኝ ትችዪ ነበር።»

«መች? ኡስታዛ ስለ ፎቶዎቹ ስትናገር እጄን አንሥቼ ነበር እኮ። አንቺ ቀደምሽኝ። ‹ፎቶ የሌለው ሰው የለም፣ ዘመዶቻችሁን ጠይቁ፣ ባዶ ሳጥን ገጹን ያበላሸዋል› አልሽ። እጄን አወረድኩት።»

ራንዳ እንዲህ ማለቷን አላስታወሰችም። ግን ማለት እንደምትችል አወቀች። ያን ሰሞን ከሁሉም ነገር ቶሎ ተገላግላ መተኛት ብቻ ነበር የምትፈልገው።

«አውጪውና ባዶውን ተዪው» አለች ኤደን። «ግድ የለኝም።»

«ግድ አለሽ።»

«አለኝ። ግን ምን ይደረጋል?»

ተራቸው ደረሰ። ኤደን ውሃው እስኪሞላ የራንዳን ጀሪካን ያዘችላት።

*

ቤት ስትደርስ እናቷ ከተኪያው ተመልሳ በሩ ጋ ተቀምጣለች፤ እግሮቿን ሳፋ ውስጥ ነክራለች። ራንዳ ጀሪካኑን አስቀምጣ ላፕቶፑን ከፈተች። ሶላሩ ላይ የሞላችው ባትሪ ለጥቂት ጊዜ ይበቃታል።

ፎቶ ያልላኩትን ልጆች ስም አየች። ሳምንቱን ሙሉ ስትነዘንዛቸው ነበር፤ «ሰነፎች» ብላቸዋለች። አሁን አንድ በአንድ አሰበቻቸው። ነጂብም እንደ ኤደን ከማዮ ነው። ኤርትራዊው ሚልዮን ወንዙን በጀልባ ሲሻገሩ ሻንጣቸው እንደጠፋ አንዴ አውርቶ ነበር። ሙሀነድ የሚያድረው ትምህርት ቤት በነበረ መጠለያ ውስጥ ነው። ሰነፍ የምትለው አንድም አላገኘችም።

ከዚያ የራሷን ገጽ ከፈተች። ከሁሉም ገጾች የሚያምረው ይሄ ነው፤ ኡስታዛም እንደዚያ ብላለች። በመጀመሪያው ሳጥን ውስጥ አባቷ አለ። ሁልጊዜ ከካሜራው ኋላ ስለነበር እሱ ያለበት ፎቶ ይሄ ብቻ ነው። ሕፃኗን ራንዳን ከደረቱ ላይ ከፍ አድርጎ ይዟታል፤ እንዴት እንደሚያዝ ግራ የገባው ይመስላል።

«ገና አልጨረስሽም?» አለች እናቷ ከበሩ።

«ጨርሼ ነበር፣ ማማ።»

«ታዲያ ለምን አታርፊም?»

ራንዳ ሳጥኖቹን አየች። አንዱን ሳጥን ለሌላቸው ልጆች ብቻ ማጥፋት ትችላለች፤ ቀላል ነው። ግን መጽሐፉን የሚገልጥ ሁሉ ማን እንዳለው፣ ማን እንደሌለው ከገጹ ቅርፅ ብቻ ያውቃል። ቴምፕሌት ደግሞ ለሁሉም አንድ ካልሆነ ምኑን ቴምፕሌት ሆነ? ግንባሯን ላፕቶፑ ጠርዝ ላይ አስደግፋ ትንሽ ቆየች። ተመልሳ ቀና ስትል ባዶ ገጽ ከፈተች።

*

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች ኡስታዛ ዐዊያ በማግስቱ።

ስክሪኑ ላይ አንድ ትልቅ ሳጥን ብቻ አለ፤ ከሥሩ ሰፊ ክፍት ቦታ።

«አዲሱ ቴምፕሌት ነው፣ ኡስታዛ። ሁሉንም ዛሬ ግቢ ውስጥ በስልክ አነሳቸዋለሁ። ከሥር ደግሞ እያንዳንዱ የፈለገውን በእጁ ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ ያንንም ፎቶ አንሥቼ አስገባዋለሁ።»

«አብዛኛው ገጽ አልቆ የለም እንዴ? ነገ እኮ ሐሙስ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ተበላሸ?»

ራንዳ ወለሉን አየች። ሌሊቱን ስታስበው ያደረችው መልስ ነበራት፤ የማንም ስም የሌለበት። «ሳጥኖቹን የመረጥኳቸው እኔ ነኝ። ስመርጣቸው ሁሉም ሰው የሚሞላቸው መስሎኝ ነበር። አይሞላቸውም።»

ኡስታዛ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። የጠረጴዛውን ጠርዝ በመዳፏ እየዳበሰች ቆየች። የገባት ይመስላል፤ ምናልባትም ቀድሞ ሊገባት ይገባ እንደነበር ታስብ ነበር። «ያንቺስ ገጽ?» አለች በመጨረሻ። «ያ የአባትሽ ፎቶ?»

«የኔም ይቀየራል።»

«ያንቺ ይቆይ። ማንም ቅር አይለውም።»

«አይ፣ ኡስታዛ። ባባ እቤት ይቀመጣል።» ቶሎ ብላ ቀጠለች። «እስከ ነገ ጠዋት እጨርሳለሁ፣ ኢንሻአላህ። የሥነ ጥበቡን ሰዓት ብቻ ይስጡኝ።»

«ያላ፣ በይ እንግዲህ» አለች ኡስታዛ እየተነሣች። «የኔንም ሰዓት ውሰጂ።»

ዐዛም ሲሰማ ጮኸ። «አክስቴስ? ሳምንት ሙሉ ስታስተካክዪያት አልነበር?»

«አክስትህን ቤትህ ስቀላት። ይልቅ ስልክህን አምጣ፤ ካንተ የተሻለ ካሜራ ያለው የለም።»

አጉረመረመ፣ ግን አመጣው። የመማሪያ ክፍሎቹ ግድግዳ በጥይት ስለተበሳሳ ፎቶ የሚነሱበትን ቦታ ከኒም ዛፉ ሥር አደረጉት። ልጆቹ እየተገፋፉ ወጡ። ነጂብ ከሁሉም ቀድሞ ተሰልፏል፤ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶታል።

ራንዳ ከመውጣቷ በፊት የድሮ ገጿን ከፈተች። የአባቷን ፎቶ ብቻውን ቀድታ የቤት ፎቶዎች ያሉበት ፎልደር ውስጥ አስቀመጠችው። ከዚያ ገጹን አጠፋችው። ፕሮግራሙ እርግጠኛ መሆኗን ጠየቃት። ትንሽ ጠብቃ፣ ተጫነችው። አዲሱን ባዶ ገጽ ከፍታ ከላይ ስሟን ጻፈችና በስሟ አስቀመጠችው።

ኤደን የዐዛምን ስልክ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ምን ያህል እንዳየች ራንዳ አላወቀችም፤ አልጠየቀችምም።

«ማን ይጀምር?» አለች ኤደን።

«እኔ።»

ከዛፉ ሥር ሄዳ ቆመች። ኤደን ስልኩን አነሣች፣ መልሳ አወረደችው።

«ዓይንሽ ሥር ጠቁሯል፣ ራንዱ። በጣም የደከመሽ ትመስያለሽ። ፊትሽን ታጥበሽ ብትመጪ ይሻላል።»

ራንዳ ከኋላ የተሰለፉትን አየች። ሥራው ብዙ ነው፤ ሶላሩም ፀሐይዋ እስካለች ብቻ ነው።

«አንሺኝ» አለች። «እንዲሁ ይውጣ።»